«ሪፒት» ብዬ የጻፍኩበት ደብተር

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡና የያዛችሁ ቁጭ በሉ፣ ያልያዛችሁ አፍልታችሁ ኑ።

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። አሁን እሷም የእንግሊዝኛ መምህርት ሆናለች። «ቲቸር፣ ሪፒት፣ ሪዱ፣ ሪቫይዝ፣ ሪቴክ፣ ሪዚዩም... ሁሉም መድገም አይደሉም እንዴ? ለልጆቹ ልዩነታቸውን እንዴት ላስረዳ?» አለችኝ። በሁለት መስመር ልመልስላት ጀመርኩና አቃተኝ። የዚህን ጥያቄ መልስ በደንብ ያስተማረኝ የአንድ ልጅ ደብተር ነው። እሱን ሳልናገር ቃላቱን ብቻ ብዘረዝርላት ግማሹን እንደ መደበቅ ሆነብኝ።

ዘጠነኛ ክፍል አስተምር በነበረ ጊዜ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ከሰባ በላይ ተማሪ፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። «ስለ ሰፈራችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ» ብዬ ደብተር ሰበሰብኩ። ማታ ሳርም የአንዱ ልጅ ጽሑፍ ላይ ስደርስ የቱን አርሜ የቱን እንደምተው ጠፋኝ። ግሱ ከባለቤቱ ጋር አይስማማም፣ የትናንቱና የዛሬው ጊዜ ተደባልቋል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነጥብ እንኳ የለበትም። ደክሞኝ ነበር። ገና ሌላ አርባ ምናምን ደብተር ይጠብቀኛል። በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ሰረዝኩበትና ከሥሩ አንድ ቃል ጻፍኩ፤ «ሪፒት»።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ደብተሩን ይዞ መጣ። ገለጥ ሳደርገው ያው አንቀጽ ነው። ቃል በቃል። ስህተቶቹ በሙሉ በየቦታቸው አሉ። የእጅ ጽሑፉ ብቻ አምሯል፤ ርዕሱንም በማስመሪያ አስምሮበታል።

ያሾፈብኝ መሰለኝ። በተማሪው ሁሉ ፊት አስነሣሁትና «ምንድነው ይሄ?» አልኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቲቸር፣ ሪፒት ነው ያሉኝ» አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቁ በእኔ ላይ መሰለኝና ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ሰሌዳው ሥር አንበረከክሁት።

ማታ ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል ነው ነገሩ የገባኝ። ልጁ ልክ ነበር። የጻፍኩለትን ቃል ከእኔ በላይ አክብሮ ነበር የፈጸመው። በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቀው አሰብኩ። ጠየቅሁት እንዳልላችሁ አልጠየቅሁትም። በዚያን ጊዜ አስተማሪ ተማሪውን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም፤ የመጀመሪያው ለመሆንም ወኔው አልነበረኝም። ልጁም ከዚያ ቀን በኋላ በእኔ ክፍለ ጊዜ እጁን አላወጣም።

በሉ አሁን ወደ ቃላቱ እንምጣ፤ ወደ ልጁ እመለሳለሁ።

ሪፒት ማለት ያንኑ ነገር፣ እንዳለ፣ አንድ ጊዜ ጨምሮ ማለት ወይም ማድረግ ነው። ለውጥ አይጠይቅም። እንዲያውም ከተለወጠ ሪፒት አልሆነም። ስልክ ሲቆራረጥብን «ቁጥሩን ድገምልኝ» ስንል ሌላ ቁጥር እንዲሰጠን አንፈልግም፤ ያንኑ ነው የምንፈልገው። «ሪፒት አፍተር ሚ» ስላችሁም እኔ ያልኩትን እንጂ የራሳችሁን እንድትጨምሩ አልነበረም።

ሪዱ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሥራ አልሆነም፣ እንደ አዲስ ይሠራ ማለት ነው። ግንበኛው ግድግዳውን አጣሞ ሲሠራ አሠሪው የሚለው ይሄንን ነው። ግንበኛው ያንኑ ጠማማ ግድግዳ ደግሞ ቢሠራለት ምን እንደሚከተል ታውቁታላችሁ። የጽሑፍ ሲሆን ሪራይት ይባላል። እኔ ለዚያ ልጅ መጻፍ የነበረብኝ ይህን ነበር።

ሪቫይዝ ሥሩ ላቲን ነው፤ ተመልሶ ማየት ማለት ነው። እንግሊዞች ለፈተና ሲያጠኑ፣ የተማሩትን ሲከልሱ ሪቫይዝ እናደርጋለን ይላሉ። አሜሪካኖች ግን ቃሉን በብዛት የሚጠቀሙበት የተጻፈን ነገር አይቶ ለመለወጥ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ልጆቼ፣ ፕሮፌሰሩ ወረቀታችሁን መልሶ «ሪቫይዝ» ካላችሁ አንድ ጊዜ አንብባችሁት እንዳለ እንዳትመልሱለት። የእኔን ተማሪ ዕጣ ታገኛላችሁ፤ ማንበርከኩ ይቀራል እንጂ።

ሪሲትና ሪቴክ የፈተና ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው የእንግሊዞች፣ ሁለተኛው ይበልጥ የአሜሪካኖች ነው። ሁለቱም ፈተናው ላይ ደግሞ መቀመጥን እንጂ ትምህርቱን ደግሞ መማርን አይናገሩም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ እፈልጋታለሁ።

ሪዚዩም ካቆሙበት መቀጠል ነው። ስብሰባ ለምሳ ተቋርጦ ከሰዓት ሲቀጥል ሪዚዩም አደረገ ይባላል። ማንም ከመክፈቻ ንግግሩ አይጀምርም፣ ተመስገን ነው።

ሪኸርስ የምወደው ቃል ነው። ቲያትር ወይም ሙዚቃ ከመቅረቡ በፊት መለማመድ ማለት ነው፤ የጥንት ሥሩ ግን ከእርሻ የመጣ ነው። ድሮ ፈረንሳይኛ ውስጥ የታረሰን መሬት ጥርስ ባለው መሣሪያ ደግሞ መከስከስ፣ ጓሉን መሰባበር ማለት ነበር። ይህንን ለከተማ ልጅ ማስረዳት ይከብዳል፤ ለገበሬ ልጅ ግን አንድ ቃል አይፈጅም። የጤፍ መሬት አንዴ ታርሶ አይዘራበትም። ይደገማል፣ ይሠለሳል፣ ከዚያም በላይ ይታረሳል። ገበሬው ደጋግሞ የሚያርሰው ግን አምና ያረሰውን ስለረሳ አይደለም። በመጀመሪያው እርሻ መሬቱን ይከፍታል፣ በሚቀጥለው ጓሉን ይሰብራል፣ አረሙን ያጠፋል፣ በመጨረሻም አፈሩን ለዚያች ለደቃቋ ዘር ያለሰልሳል። በሬው ያው፣ ሞፈሩ ያው፣ መሬቱም ያው ነው። ሥራው ግን በየዙሩ ይለያል።

ሪኢተሬት ደግሞ አስቂኝ ነው። አንድን ነገር ለማጠንከር መልሶ መናገር ማለት ነው። ላቲኑ «ኢተሩም» ብቻውን «ዳግም» ማለት ነው፤ ከፊቱ «ሪ» ሲጨመርበት ዳግም ዳግም ሆነ። ስለዚህ «ሪፒት አጌይን» አትበሉ እያልኩ ያስቸገርኳችሁ ልጆች፣ እንግሊዝኛው ራሱ አንዳንዴ ያደርገዋል ብላችሁ ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ። ክርክሩን እቀበላለሁ፤ ምክሬን ግን አላነሳም። አንድ ጊዜ የተደገመን ነገር ለሦስተኛ ጊዜ አድርግ ለማለት ካልሆነ በቀር ሪፒት ብቻውን ይበቃል። «ሪተርን ባክ»ም እንደዚያው፤ መመለሱ ሪተርን ውስጥ አለ።

«ሪ» የምትባለው ቅጥያም ሁልጊዜ ዳግም ማለት አይደለችም። አንዳንዴ «ወደ ኋላ» ናት። አጻጻፍ ላይ ከተሳሳቱ ደግሞ ታጣላለች። አንድ እግር ኳስ ተጫዋች ከክለቡ ጋር ውሉን ሲያድስ «ሪ-ሳይን» አደረገ ይባላል። በእንግሊዝኛው መሃል ያለችውን ሰረዝ ከዘለላችኋት ቃሉ «ሪዛይን» ይሆናል፤ ሥራ ለቀቀ ማለት ነው። ደጋፊው ለአንዲት ጭረት ሲል ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣል።

እንግዲህ ልብ በሉ። እነዚህ ቃላት ሁሉ በአማርኛ «መድገም» ተብለው ሊተረጎሙ ይችላሉ፤ ግን እያንዳንዳቸው የተለየ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ያንኑ ነው ወይስ ሌላ? ከመጀመሪያው ነው ወይስ ካቆምንበት? የመጀመሪያው ስለተበላሸ ነው ወይስ ስላማረ? አማርኛችን ቃል አጥቶም አይደለም። መከለስ አለን፣ ማደስ አለን፣ መቀጠል አለን፣ መላልሶ አለን፣ ደጋግሞ አለን። መድገም ራሱ ስንት ትርጉም አለው? ዳዊት የሚደግም ሰው ይከበራል። ድግምት የሚደግም ይፈራል። ክፍል የሚደግም ልጅ ግን ያፍራል። ሦስቱም «ደጋሚ» ይባላሉ።

የድሮዎቹ የኔታዎች ይህ ልዩነት ገብቷቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። የቄስ ትምህርት ቤት ሲነሣ ብዙዎቻችን ያለ ትርጉም መሸምደድ ብቻ ነው የሚታየን። ሽምደዳው አልነበረም አልልም። ነገር ግን ንባብ ሲያስተምሩ አንዱን ጽሑፍ ልጁ መጀመሪያ በቁጥር፣ ፊደል ፊደሉን እየለቀመ ያነባል። ከዚያ በግዕዝና በውርድ ንባብ ይመላለስበታል። በመጨረሻ ሳይደናቀፍ በቁም ንባብ ይወጣዋል። ጽሑፉ አንድ ነው፤ የሚደገመውም ብዙ ጊዜ ነው። ግን እያንዳንዱ ዙር የራሱ ስም አለው፣ የራሱ ዓላማ አለው። የኔታ «ድገም» ሲሉ ልጁ ምን ለማሻሻል እንደሚደግም ያውቃል።

አሁን ወደ ልጄ ልመለስ።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ ካርድ ሲሰጥ የእሱ ላይ «ይደግማል» ተጻፈበት። በሒሳብ ከክፍሉ ደህና ከሚባሉት ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ልጁ የወደቀው በእንግሊዝኛና ብዙ ማንበብ በሚጠይቁት ትምህርቶች ነው። የደገመው ግን ሁሉንም ነው፤ የሚችለውን ሒሳብ ጨምሮ።

መስከረም ላይ ያው ክፍል፣ ያው መጽሐፍ፣ ያው እኔ። ምዕራፍ አንድ፣ ገጽ አንድ። አንድ ቀን አምና የቀለድኩትን ቀልድ እዚያው ትምህርት ላይ፣ እዚያችው ቦታ ላይ ቀለድኩ። ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ ወንበር ላይ እሱ ብቻ አልሳቀም። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ያን ጊዜ ነው ደጋሚው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት። እኔም ደጋሚ ነበርኩ። ልዩነታችን እኔ ደመወዝ ይከፈለኛል፣ እሱ ያፍርበታል።

ጥር ላይ መምጣት አቆመ። ጓደኞቹን ስጠይቅ «ትቷል፣ ቲቸር» አሉኝ። ቤቱ ድረስ አልሄድኩም። ይሄንንም ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ቡና ስናፈላ አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ። ያው ቡና ላይ ውሃ እየጨመርን ነው። ለቡና ያምርበታል፣ ወግም በረከትም አለው። ጣዕሙ ግን በየዙሩ እየቀጠነ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። እኛ ለዚያ ልጅ ያደረግንለት ይሄንኑ ነው፤ ያው አተላ ላይ ውሃ ጨመርንና «ጠጣ» አልነው። ከዚያ ቀጠነብኝ ሲል ሰነፍ ነው አልን።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። ጆን ሃቲ የተባለው የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው «ቪዚብል ለርኒንግ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ እጅግ ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመዝን ክፍል ማስደገምን ያገኘው ጉዳታቸው ካመዘነባቸው ጥቂት ነገሮች መሃል ነው። መማር መደጋገም ስለማይፈልግ አይደለም። ይፈልጋል። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ራሱን መፈተኛ አድርጎ እንዳሳየው፣ የተማርነው ነገር ካልተመለስንበት በፍጥነት ይጠፋል፤ ድግግሞሹን በቀናት ከፋፍሎ ማድረግም በአንድ ቀን ከመከመር ይሻላል። ግን ያ ድግግሞሽ በዓመቱ ውስጥ፣ በየሳምንቱ፣ የጎደለውን እያዩ ነው። ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ መጨረሻ ላይ ዓመቱን እንዳለ ማስደገም ሌላ ነገር ነው።

«ታዲያ ያልቻለውን ዝም ብለን እናሳልፈው ወይ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አስተማሪዎች በተለይ። አይደለም። አንቀጽ መጻፍ የማይችልን ልጅ አሥረኛ ክፍል አስገብቶ «ቻልክ» ማለት ሌላ ውሸት ነው፤ ምናልባትም የባሰ። የእኔ ጥያቄ «ይድገም ወይስ ይለፍ?» ከሚለው ቀደም ይላል። ምንድነው የሚደግመው? ለምን? ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው በምን ይለያል? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለን ልጁን አስደገምነው እንጂ አላስተማርነውም።

ይህን ዛሬ የማነሣው የአንድ ልጅ ጉዳይ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ከማያልፉት መሃል ሻል ያለ ውጤት ላላቸው «ሪሚዲያል» የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ፤ አንዳንዶቻችሁም ልጆቻችሁን ልካችኋል። ስሙን ወድጄዋለሁ። ሪሚዲ መድኃኒት ነው፤ የቃሉ ሥር ማከም ማለት ነው። ሐኪም ደግሞ ሕመምተኛው ሲመለስ መጀመሪያ መርምሮ ነው የሚያክመው፤ ያልሠራውን መድኃኒት ዝም ብሎ አይደግምለትም። እንግዲህ ፕሮግራሙን የምንመዝነው በዚህ ነው። ልጁ የጎደለው ምን እንደሆነ ተመርምሮ እሱ ከተሰጠው ሪሚዲያል ነው። ያንኑ መጽሐፍ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ዘዴ ካስኬዱት ስሙ ሌላ የሆነ ሪፒት ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብም እዚህ ትገባለች። ትምህርቱን ሳይደግሙ ፈተናውን ብቻ የሚደግሙ ስንቶች ናቸው? በየዓመቱ በግል ይመዘገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ያንኑ ውጤት ይዘው ይመለሳሉ። እነሱ ያገኙት ሪቴክ ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ሪለርን ነበር።

ሪዚዩም የሚያስፈልጋቸውም አሉ። እናቷ ታማባት ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ያቋረጠች ልጅ ትዝ ትለኛለች። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤቷ ጥሩ ነበር። ስትመለስ «ደጋሚ» ተብላ ከመስከረም ጀመረች። እሷ የወደቀችው ነገር አልነበረም። ካቆመችበት መቀጠል ነበር የፈለገችው፤ ለዚህ ግን መዝገቡ ላይ ቃል አልነበረንም። ቃል ስላልነበረን ሌላ መንገድ እንዳለም አልታየንም።

ስለዚህ ለዚያች መምህርት ተማሪዬ መልሴ ይሄ ነው። ልጆቹ ቃላቱን ከትርጉማቸው ጋር ደብተራቸው ላይ ይገልብጡ፣ ጥሩ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንቺ ቀይ እስክሪብቶሽን ስታነሺ የትኛውን እንደምትጽፊ ምረጪ። ንባቡ ጥሩ ሆኖ እንዲለምደው ከፈለግሽ ሪፒት በይው። አንቀጹ ካልሆነ ሪራይት በይው፤ ግን ቢያንስ ሁለት ስህተት አሳይተሽው። ለፈተና ከሆነ የቱን እንደሚከልስ ንገሪው። ሰባ ደብተር እንደሚያደክም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁሉን ማረም ካልቻልሽ አንዱን አርሚለት፤ ባዶ «ሪፒት» ግን አትጻፊበት። አስተማሪ ያልሆናችሁም ብትሆኑ ሠራተኛችሁን «ሪፖርቱን ድገመው» ከማለታችሁ በፊት ምኑን እንደሆነ ንገሩት።

«እንደገና» የሚለውን ቃላችንን ስሰማ ለእኔ ጆሮ ውስጡ «ገና» አለ። ገና ነው፣ አላለቀም፣ ጊዜ አለህ የሚል ይመስለኛል። ለዚያ ልጅ ልለው የሚገባኝ ይሄንን ነበር። ያልኩት ግን ሌላ ነው።

አንተ ልጅ፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆነሃል። ምናልባት ልጆችም አሉህ። ይህ ጽሑፍ ከእጅህ ይግባ አይግባ አላውቅም። ያን ቀን ልክ ነበርክ። ቃሉን በትክክል የተረዳኸው አንተ ነህ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በጓደኞችህ ፊት ስላንበረከክሁህ፣ ጥር ላይም ፈልጌ ስላልመጣሁ ይቅርታ አድርግልኝ።

ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ ክፍል ደግማችሁ የምታውቁ ካላችሁ እስቲ ንገሩን። ሁለተኛው ዓመት ከመጀመሪያው በምን ተለየ? ማፈር የለም፤ እዚህ ቤት ሁላችንም ደጋሚዎች ነን።